ልምድ ስለ ቤቱ ያውቃል፤ ስለ ዘመኑስ?

በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ቤትና ስለ ቦታ ከማንም በላይ የሚያውቁት ባለ ብዙ ቤት አከራዮች ነበሩ። የትኛው ሰፈር ውኃ እንደማይጠፋበት፣ የትኛው መንገድ ሊሰፋ እንደሚችል፣ ምን ዓይነት ተከራይ ኪራዩን ሳያጓድል እንደሚከፍል ያውቃሉ። ዕውቀቱን ያገኙት ቦታ ገዝተው፣ ቤት ሠርተው፣ ለዓመታት አከራይተው ነው። ያ ሁሉ ልምድ ተደምሮ አንድ ነገር ይነግራቸው ነበር፤ ከተማው ያድጋል፣ ቦታ ይወደዳል፣ ትርፍ ቤት ያለው ሰው ለእርጅናውም ለልጆቹም አይሰጋም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታ የግል ንብረት መሆኑ አከተመ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው ከአንድ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። የቀረው ቤት ወደ መንግሥት ዞረ፤ ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገባ። የሃያና የሠላሳ ዓመት ልምድ በአንድ ቀን አዋጅ ፊት የሚሠራው ነገር አጣ።

እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ልምዳቸውም ሐሰት አልነበረም፤ የሚያውቁት ነገር ሁሉ ባወቁበት ዘመን እውነት ነበር። የማስጠንቀቂያው ድምፅም ከጆሮ የራቀ አልነበረም። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነው። የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀውም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የከተማው አዋጅ ከመውጣቱ አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ግን ያ ድምፅ የመጣው ከዩኒቨርሲቲ ግቢና ከገጠር ነበር። አከራዮቹ ለዓመታት ሲያዩት የኖሩት ደግሞ የከተማውን ገበያ ነው፤ ገበያው እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ስለሚመጣው ነገር የሚነግራቸው አልነበረውም።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ጥያቄ ከቤት ገበያ ያለፈ ነው። ትናንት ስለ ነገ ምን ያህል መመስከር ይችላል? የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1739 መታተም በጀመረውና የሰውን ተፈጥሮ በመረመረበት ሥራው ይህን ጥያቄ እስከ ሥሩ ቆፈረው። ፀሐይ እስከ ዛሬ በየቀኑ ወጥታለች፤ ነገም እንደምትወጣ ግን በምን ይረጋገጣል? «እስከ ዛሬ ወጥታለችና» ማለት መልስ አይሆንም፤ ያለፈው ለሚመጣው ምስክር መሆኑ ራሱ ገና አልተረጋገጠምና። ሂዩም የደረሰበት መደምደሚያ የሰው ልጅ ነገን የሚጠብቀው በማስረጃ ብርታት ሳይሆን በልማድ ነው የሚል ነበር። ከእርሱ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የኖረው የእስልምናው ሊቅ አል ገዛሊም እሳትና ጥጥን አንሥቶ ተመሳሳይ ሙግት አቅርቦ ነበር። ዓይን የሚያየው ጥጡ እሳቱ ሲነካው መቃጠሉን ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ መሆን ግዴታው እንደሆነ ዓይን አያይም አለ። እርሱም ይህን የለመድነው አካሄድ በፈጣሪ ፈቃድ የሚጸና እንጂ በራሱ የቆመ እንዳልሆነ አስተማረ።

እንግሊዛዊው በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው መጽሐፍ የሂዩምን ጥያቄ ለማንም ግልጽ በሚሆን ምሳሌ አስቀመጠው። በየቀኑ ጥሬ የሚበተንላት ዶሮ ባለቤቷን ባየች ቁጥር ምግብ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ያው የመገባት እጅ አንገቷን ይጠመዝዛል። ዶሮዋ ያላት ልምድ ከሁሉም ቀን ይልቅ የበዛው በዚያች በመጨረሻዋ ጠዋት ነበር።

ይህ የፈላስፎች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቤት ገዢ ባላስፈለገው ነበር። ጃፓን ግን በእውን ኖራበታለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን የመሬት ዋጋ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ ለአጭር ጊዜ ከመውረዱ በስተቀር ያለማቋረጥ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1955 በ22 ዓመቱ ባንክ የተቀጠረ ወጣት በ1990 ለጡረታ ሲቃረብ በሥራ ዘመኑ ሁሉ ያየው ይህንኑ ነበር። መሬትን መያዣ አድርጎ ያበደረ ባንክ አይከስርም የሚለው እምነት ከዚህ የሠላሳ አምስት ዓመት ልምድ የተወለደ ነው። የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ በግንቦት 1989 (እ.ኤ.አ.) 2.5 በመቶ የነበረውን የወለድ ምጣኔ በነሐሴ 1990 ወደ 6 በመቶ አደረሰው። ከ1991 በኋላ የመሬት ዋጋ ቁልቁል ወረደ፤ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህልም መውረዱን አላቆመም። በስድስቱ ታላላቅ ከተሞች የንግድ ቦታ ዋጋውን ከሦስት አራተኛ በላይ አጣ። ከሁሉም ይበልጥ የተጎዱት በልምዳቸው እርግጠኛ ሆነው ብዙ የተበደሩትና ብዙ ያበደሩት ናቸው።

አሜሪካም ከጃፓን አልተማረችም። በሐምሌ 2005 (እ.ኤ.አ.) የፕሬዚዳንቱ የኢኮኖሚ አማካሪዎች ምክር ቤት ሰብሳቢ የነበሩት ቤን በርናንኪ በቴሌቪዥን ስለ ቤት ዋጋ ሲጠየቁ፣ በመላ አገሪቱ ደረጃ የቤት ዋጋ ወርዶ እንደማያውቅ አስረዱ። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ግን ወርዶ ነበር፤ የቅርቡ ትውልድ ልምድ ያን ያህል ወደ ኋላ አይደርስም። ዋጋው በ2006 ጫፍ ላይ ደርሶ እስከ 2012 መጀመሪያ በአገር አቀፍ ደረጃ ከሩብ በላይ ወረደ። እንደ ላስ ቬጋስ ባሉ ከተሞች ደግሞ ከግማሽ በላይ ጠፋ።

ከዚህ ውድቀት በኋላ የተደረገ አንድ ጥናት ለልምድ ጥያቄ ትልቅ ብርሃን ይሰጣል። ቼንግ፣ ራይና እና ሾንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሥራ በዎል ስትሪት የቤት ብድሮችን እየጠቀለሉ ሲሸጡና ሲገዙ የነበሩ ባለሙያዎች ለራሳቸው መኖሪያ ምን ዓይነት ውሳኔ እንዳደረጉ መረመሩ። ባለሙያዎቹ አደጋውን ያውቁ ከነበረ፣ ሌላውን ቢያታልሉ እንኳ የራሳቸውን ቤት በጊዜው በሸጡ ነበር። ውጤቱ ሌላ ሆነ። ከሌላ ሙያ ከተወሰዱት፣ ለምሳሌ ከጠበቆች፣ ይልቅ ገበያውን የቀደሙበት ምልክት አልተገኘም። እንዲያውም ዋጋው ወደ ጫፉ ሲወጣ ትልልቅና ተጨማሪ ቤት በመግዛት ከሌሎች የባሱ ነበሩ። በየቀኑ የቤት ብድር ሲያገላብጡ የሚውሉ ሰዎች የሚጎርፈው ውኃ ከደጃፋቸው እስኪደርስ አላዩትም።

ታዲያ ልምድ ዋጋ የለውም? እንዲህ ብሎ መደምደም ከመጀመሪያው ስሕተት የባሰ ስሕተት ነው። የሚያስፈልገው ልምድ የትኛውን ነገር ማስተማር እንደሚችልና የትኛውን እንደማይችል መለየት ነው።

ዳንኤል ካኔማንና ጌሪ ክላይን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ለዓመታት በዚሁ ጉዳይ ሲከራከሩ ቆዩ። ካኔማን የባለሙያን ግምት ይጠራጠር ነበር፤ ክላይን ደግሞ የእሳት አደጋ አዛዦችን እያጠና የልምድን ኃይል ያደንቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 አብረው በጻፉት ጽሑፍ ተስማሙ። የልምድ ግምት የሚታመነው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው አሉ። አንደኛው፣ ጉዳዩ ራሱ የሚደጋገም ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሰውየው ያንን ሥርዓት ደጋግሞ እየሞከረ፣ የፍርዱን ትክክልነት ወይም ስሕተት ቶሎ እያየ የሚማርበት ዕድል ማግኘቱ ነው። የቼዝ ተጫዋችና ልምድ ያላት ነርስ ይህን ያሟላሉ።

ቤት ገዢውስ? አንድ ሰው በዕድሜው የሚገዛው ቤት ሁለት ወይም ሦስት ነው። የውሳኔው ትክክለኛነት የሚታወቀው ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ መንግሥት ሊለወጥ፣ ሕጉ ሊሻር፣ ብሩ ሊረክስ ይችላል። ሃያ ቤት የገዛና የሸጠ ሰው እንኳ ሃያውንም የገዛው በአንድ ዘመን ውስጥ ከሆነ፣ ስለ ዘመኑ ያለው ምስክር አንድ ብቻ ነው። ሃያ ጊዜ የተደገመው ያው አንድ ዘመን ነው።

በሌላ በኩል ግን ልምድ ፈጥኖና በትክክል የሚያስተምራቸው ነገሮች አሉ። አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ወጣት ሰው የሒሳብ ሊቅ ሊሆን ይችላል፣ በኑሮ ጉዳይ አስተዋይ ለመሆን ግን ይቸገራል ይላል። አስተዋይነት የነጠላ ነገሮችን ዕውቀት ይፈልጋል፤ ነጠላ ነገሮች ደግሞ የሚታወቁት በኖሩ ቁጥር ነው። በሌላ ሥራውም ንድፈ ሐሳቡን ብቻ ከሚያውቅ ይልቅ ልምድ ያለው ሐኪም በሽተኛውን እንደሚያድን ይናገራል። የሚታከመው ከፊቱ የተቀመጠው አንድ ሰው ነውና።

የሚገዛውም እንዲሁ አንድ ቤት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የገዛና የሠራ ሰው ይህን ዓይነቱን ዕውቀት ከነዝርዝሩ ይዞታል። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የካርታውን ትክክለኛነት ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ያጣራል፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ያረጋግጣል። ይዞታው ነባር ይሁን በሊዝ የተያዘ፣ ሊዝ ከሆነም ስንት ዓመትና ስንት ብር እንደቀረው ይጠይቃል። በካርታው ላይ ያለው ስፋት መሬት ላይ ካለው የወሰን ድንጋይ ጋር መግጠሙን ያስለካል። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ካልፈረመ የጋራ ቤት ሽያጭ እንደማይጸና ያውቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ማዘዙን ሰምቶ ብቻ አልተወውም። በመተማመን በእጅ ጽሑፍ የተዋዋለ ጎረቤቱ ዓመታትን በፍርድ ቤት ሲመላለስ አይቷል።

ግንባታውንም በዓይኑ ያነባል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ በክረምት እንደሚያብጥ በበጋ እንደሚሰነጠቅ ስለሚያውቅ ስለ መሠረቱ ጥልቀት አጥብቆ ይጠይቃል። በአዲስ ቀለም የተሸፈነ ግድግዳ ሥር እርጥበት ይፈልጋል። ቤቱን በጥቅምት ፀሐይ ካየው በኋላ፣ የሚቻል ከሆነ ነሐሴ ላይ ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ያየዋል። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከሻጩ ይልቅ ከጎረቤት ይሰማል። ያላለቀ አፓርታማ ከሆነ ደግሞ አልሚው ከዚህ በፊት የጨረሰውን ሕንፃ ሄዶ ያያል፤ ነዋሪዎቹን ሊፍቱ ስለመሥራቱ፣ ካርታው በስማቸው ስለመዞሩ፣ ርክክቡ ስንት ዓመት ስለመዘግየቱ ያነጋግራል።

ይህ ሁሉ ካኔማንና ክላይን የጠየቁትን ያሟላል። ስንጥቁ በዓመት በሁለት ዓመት ይታያል፤ የሰነዱ ጉድለት ስም ሲዛወር ይገለጣል፤ ስሕተቱም ትምህርቱም ቅርብ ነው። በዚህ ረገድ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ከጀማሪ በእውነት ይበልጣል፤ ምክሩም ገንዘብ ያወጣል። ችግሩ የሚመጣው ይኸው ሰው ስለ ካርታውና ስለ መሠረቱ በተናገረበት እርግጠኝነት ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ተሻግሮ «ይኼ ሰፈር በአምስት ዓመት ውስጥ በእጥፍ ይወጣል» ሲል ነው። ድምፁ አልተለወጠም፤ ፊቱም አልተለወጠም። የዕውቀቱ ምንጭ ግን ተለውጧል። የፊተኛውን አይቶ ያውቃል፤ የኋለኛውን ተስፋ ያደርጋል። ሰሚው ሁለቱን በአንድ ሚዛን ይቀበላቸዋል፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ጋ ነው።

ዋጋን በመገመት ሥራ ልምድ ሊያሳስት እንደሚችል የሚያሳይ ሌላም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ኖርዝክራፍትና ኒል የተባሉ ተመራማሪዎች በአሪዞና ግዛት ቱሶን ከተማ ለቤት አሻሻጮችና ለተማሪዎች አንድ ዓይነት ቤት አስጎበኙ። የቤቱን ሙሉ መግለጫ ሰጧቸው፤ የመነሻ ዋጋውን ብቻ ለአንዱ ቡድን ከፍ ለሌላው ዝቅ አድርገው ጻፉ። አሻሻጮቹም እንደ ተማሪዎቹ በተጻፈው ዋጋ ተጎተቱ። ልዩነቱ ሲጠየቁ ታየ። ተማሪዎቹ የተጻፈው ዋጋ ተጽዕኖ እንዳሳደረባቸው ሲያምኑ አሻሻጮቹ ግን አብዛኞቹ ዋጋውን ከቁም ነገር እንዳልቆጠሩት ተናገሩ። ልምዱ ከስሕተቱ ብዙም አላዳናቸውም፤ ስሕተታቸውን እንዳያዩ ግን ጋረዳቸው።

ልምድ የሚቀርጸው ፍርድን ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትንና ምኞትንም ይቀርጻል። የኢኮኖሚ ተመራማሪዋ ኡልሪከ ማልመንዲየር ከባልደረባዋ ጋር ባደረገችው ጥናት፣ በሕይወት ዘመናቸው ብርቱ የዋጋ ንረት ያዩ ሰዎች ከመከራየት ይልቅ ቤት መግዛትን እንደሚመርጡ አሳይታለች። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ባንክ ያስቀመጠው ብር ዓይኑ እያየ የመግዛት አቅሙ ሲሟሟ የኖረ ሰው በቤት መተማመኑ ተገቢ ነው። «መሬት ወርዶ አያውቅም» የሚለው አባባልም ከዚሁ ሕመም የመጣ ነው።

ግን ይህ አባባል የሚለካው በብር ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው ዶላር በባንክ 27 ብር በነበረበት ጊዜ በ1.5 ሚሊዮን ብር ቤት ገዛ እንበል፤ ወደ 55,500 ዶላር መሆኑ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር 120 ብር ሲሆን ያንኑ ቤት በ6 ሚሊዮን ብር ሸጠ። በብር ገንዘቡ አራት እጥፍ ሆነ፤ በዶላር ግን የያዘው 50,000 ነው። ቤቱ ከንረቱ ብዙውን አድኖለታል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አራት እጥፍ በለፀግሁ የሚያሰኘው ልምዱ ግን እያታለለው ነው። ይህን ሒሳብ ያልሠራ ሰው ሁለተኛውን ቤት በብድር ሲገዛ የሚመካው ባልነበረ ትርፍ ላይ ነው።

ስለ ልምድ ሲነገር ሌላም የሚዘነጋ ጉዳይ አለ፤ የሚናገሩት ያተረፉት ናቸው። በለቅሶ ቤትም በሠርግ ድንኳንም «በዚህ ገዝቼ በዚህ ሸጥሁ» የሚለው ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማል። ለአልሚ ከፍሎ ቤቱን ያላየው፣ ለዓመታት በክስ የተንገላታው፣ ለልማት ተብሎ የተነሣው ዝም ይላል፤ ቢናገርም ምክር የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ አንድ ወጣት ከዘመድ አዝማድ የሚሰበስበው «የብዙ ሰው ልምድ» በእርግጥ የግማሹ ሰው ልምድ ነው። ምክር የሚሰጠው ሰው ከሽያጩ ድርሻ የሚያገኝ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሌቪትና ሳይቨርሰን የተባሉ ምሁራን በቺካጎ አካባቢ የተሸጡ ወደ 100,000 የሚጠጉ ቤቶችን መዝገብ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ አሻሻጮች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ከደንበኞቻቸው ቤት በአማካይ 9.5 ቀን ያህል አቆይተው 3.7 በመቶ በሚበልጥ ዋጋ እንደሚሸጡ አረጋግጠዋል። ልምዱ አለ፤ ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ግን ለባለቤቱ ነው።

ልምድ ድንበር ሲሻገርም ይዳከማል። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ሁለት ሦስት ቤት ገዝቶ የሚያከራይ ኢትዮጵያዊ በዚያ አገር የተማረው ብዙ ነው። መሬቱ ከነቤቱ የራሱ ነው፤ ብድሩ ለሠላሳ ዓመት በማይለወጥ ወለድ ሊሆን ይችላል፤ የባለቤትነት ጉድለት ቢገኝ የሚክስ ኢንሹራንስ አለ። አዲስ አበባ ሲመጣ ከእነዚህ አንዱንም አያገኝም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ለመኖሪያ በሊዝ የተያዘ ቦታ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ደግሞ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ እንዲሆን ደንግጓል። በዚያው ዓመት በፒያሳ የዶሮ ማነቂያና የአካባቢው ቤቶች በኮሪደር ልማት ፈርሰዋል። በሜሪላንድ የተፈተነው የአከራይነት ስሌት ከእነዚህ ለአንዱም ቦታ የለውም። በውክልና የሚገዛለት ዘመዱ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ የዘመዱ ታማኝነት ግን የሕጉን ልዩነት አያጠፋውም።

የአንድ ሰው ዕድሜ ለዚህ ጥያቄ የሚያጥር ከሆነ ረጅሙን የትውልዶች ልምድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሆላንዳዊው ፒት አይኽሆልትስ በአምስተርዳም ሄረንግራኽት በተባለው ቦይ ዳር ያሉትን ቤቶች ከ1628 እስከ 1973 (እ.ኤ.አ.) የተሸጡበትን ዋጋ ሰብስቧል። የገንዘብ ርክሰቱ ሲቀነስ፣ በከተማው ውስጥ የተከበረው የዚህ ሰፈር ዋጋ በሦስት መቶ አርባ አምስት ዓመት ውስጥ ያደገው በእጥፍ ገደማ ብቻ ነው። በመካከሉ ጦርነት፣ ወረርሽኝና የባዕድ ወረራ ነበር። ዋጋው ለብዙ ዓመታት የወጣበትም፣ ለብዙ ዓመታት የወረደበትም ዘመን ነበር። በሚወጣበት ዘመን የኖረ የአምስተርዳም ሰው ቤት ሁልጊዜ ይወጣል ብሎ ቢምል በዕድሜው አልዋሸም። አያቱንም የልጅ ልጁንም ቢጠይቅ ግን ሌላ ይሰማ ነበር።

ሂዩም ራሱ ከጥርጣሬው በኋላ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ሰው ያለ ልምድ መኖር እንደማይችል አምኗል። ታዲያ ስለ ነገ እርግጠኛ መሆን ካልተቻለ በምን ዓይነት ልብ ይገዛል? ለዚህ ጥያቄ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የተመዘገበ አንድ የመሬት ግዢ አለ። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 32 የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከብቧል፤ ነቢዩ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል። የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ እንዲገዛው ይጠይቀዋል። የትኛውም ልምድ ያለው ሰው «አትግዛ» ባለ ነበር፤ አገሪቱ በጠላት እጅ ልትወድቅ ነውና። ኤርምያስ ራሱም ከገዛ በኋላ በጸሎቱ ግራ መጋባቱን አልደበቀም።

አገዛዙን ግን ልብ ማለት ይገባል። አሥራ ሰባት ሰቅል ብር በሚዛን መዘነ። ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክሮች አቆመ። የታተመውንና የተከፈተውን የውል ወረቀት ለጸሐፊው ለባሮክ ሰጥቶ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖረው አዘዘ። ልምድ የሚያስተምረውን ሁሉ ሚዛኑን፣ ጽሑፉን፣ ምስክሩን፣ ማኅተሙን፣ የሰነዱን አጠባበቅ ሳያጓድል ፈጸመ። ስለ ዘመኑ ግን ልምዱን ምስክር አላደረገም፤ በዚያ ላይ የቆመው በእምነት ነው፤ እምነት መሆኑንም ያውቅ ነበር። በአንድ ቀን፣ በአንድ ውል ውስጥ፣ ሁለቱን ሳያደባልቅ ይዟቸዋል። ከጃፓን ባንኮችና ከዎል ስትሪት ባለሙያዎች የሚለየው በዚህ ነው። እነርሱ ተስፋቸውን «ልምድ» ብለው ሰየሙት፤ ያንኑ ስም መያዣ አድርገውም ተበደሩበት።

ቤት ለመግዛት የተነሣ ሰው ልምድ ካለው ዘመዱ ወይም ደላላ ጋር ሲቀመጥ ጥያቄዎቹን ይለያቸው። «ዋጋው ይወጣል ወይ?» የሚለውን ማንም ቢመልስለት እንደ ተስፋ ይስማው። «አንተ ብትሆን ከመፈረምህ በፊት ምን ምን ታጣራለህ? ከዚህ በፊት ምን ተሳስተሃል? የከሰረ የምታውቀው ሰው ማን ነው፣ በምን ከሰረ?» የሚሉትን ግን ደጋግሞ ይጠይቅ፤ መልሱንም ይጻፍ። ከዚያ ለራሱ አንድ ጥያቄ ያስቀር፤ ዋጋው ለአሥር ዓመት ባይወጣ፣ ተከራይ ለስድስት ወር ቢጠፋ፣ ሕጉ ቢለወጥ፣ ብድሩን እየከፈለ ቤቱን ይዞ መቆየት ይችላል? ከቻለ ሰነዱን አጣርቶ ይግዛ። ካልቻለ አነስ ያለ ቤት ይፈልግ፣ ወይም ትንሽ ይቆይ።